የወጣቶች አገልግሎትና የድኅረ ምረቃ ትምህርት፦ ከሃል ሃውስ እስከ ስድስት ኪሎ

ከወጣቶች ጋር መሥራት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ ሊባል የሚችለው ይህን ሥራ ራሱን እንደ ቻለ ሙያ መቁጠርና ለሙያውም የከፍተኛ ትምህርት በር መክፈት ነው። ወጣቱን መምከር የሽማግሌ፣ መቅጣት የወላጅ፣ ማስተማር የየኔታ፣ ማስታረቅ የጎረቤት ድርሻ ሆኖ በኖረበት ኅብረተሰብ ውስጥ «እኔ የወጣቶች ባለሙያ ነኝ» ብሎ የሚነሣ ሰው «ከእናትና ከአባት የበለጠ ምን ታውቃለህ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በቁጣ ሳይሆን በታሪክና በማስረጃ ሊሰጥ ይገባዋል።

ከማኅበራችን አባላት መካከል ብዙዎች በቀበሌ፣ በትምህርት ቤት፣ በጠባይ ማረሚያ፣ በወጣት ማዕከልና በበጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የገቡ ናቸው። ሌሎች ደግሞ «ይህን ያህል ዘመን በሥራ ላይ የቆየሁ ሰው እንደገና ተማሪ መሆን ምን ይጨምርልኛል?» እያሉ በማመንታት ላይ ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ የቀረበው ለሁለቱም ወገኖች ነው። የጽሑፉም ዋና አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለወጣቱ ማሰብ፣ መታገሥና መድከም ከዩኒቨርሲቲ የሚሸመት ነገር አይደለም፤ ባለሙያው ይዞት ይገባል እንጂ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚሰጠው፣ አንድ ሰው በልቡናው ይዞት የኖረውን ዕውቀት ሊጻፍ፣ ሊመረመርና ለሌላ ሊተላለፍ የሚችል የጋራ ሀብት የሚያደርግበትን መንገድ ነው። ይህ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ምን እንደሚጠፋ ደግሞ የራሳችን አገር ታሪክ በሚገባ ያስረዳናል።

የአባቶች ሥርዐት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ምሳሌያዊ ንግግር የማዕረግ ምልክት ከዕውቀት ሊቀድም እንደማይገባው የሚያስተምር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤትም ወደ መጻሕፍት ቤት እየተሸጋገረ፣ አገር ላገር እየዞረና ቁራሽ እየለመነ ይማር ነበር። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ ለዛሬው ሙያችን የሚጠቅሙ ሁለት ቁም ነገሮች እናገኛለን። አንደኛው፣ የበሰለው ተማሪ ታናሹን እያስጠና ራሱም መማሩ ነው፤ ይኸውም ማስተማር የመማር አንዱ ክፍል ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የቅኔ ተማሪ ሲያስብበት ያደረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት አቅርቦ መታረሙ ነው። ማንም ተማሪ «ተቀኝቻለሁ» ስላለ ብቻ ተቀኘ አይባልም፤ ሥራው በሌላ ሰው ጆሮ መመዘን ነበረበት።

በኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዐትም ትውልዱ በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲሸጋገር ለእያንዳንዱ እርከን የተወሰነ ግዴታ፣ መብትና ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ የሰፈረው ይህ ሥርዐት ስለ ወጣት ዕድገት አንድ ጥልቅ አሳብ ይዟል። ወጣቱ ዕድሜው ስለ ጨመረ ብቻ አይበስልም፤ የሚበስለው ለዕድሜው የሚመጥን ኀላፊነት ሲሰጠውና ኀላፊነቱንም ሲወጣ የሚያይለት ማኅበረሰብ ሲኖር ነው።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ሲባልም አባቶች ወጣቱን በጥሬነቱ ብቻ እንዳልመዘኑት እንረዳለን። ይሁን እንጂ እነዚህ ሥርዐቶች የሚሠሩት ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት አካባቢ ነበር። ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሰው ወጣት ግን መካሪ ዘመድ፣ የሚያፍረው ጎረቤት፣ ስሙን የሚያውቅ ሽማግሌ በሌለበት መንደር ሊያድር ግድ ሆነበት። ጫማ እየጠረገ፣ ሎተሪ እያዞረ፣ ዕቃ እየተሸከመ የሚውለውን ልጅ ማን ይምከረው? የሙያው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

ሃል ሃውስና የሙያው ልደት

ይኸው ክፍተት ከእኛ ቀደም ብሎ በሌሎች አገሮች ከተሞች ታይቶ ነበር። ከነዚህ መካከል የአሜሪካዊቷን የቺካጎን ታሪክ መርጠን የምናነሣው፣ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው ከስድስት ኪሎ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር የተባሉ ሁለት ወይዛዝርት በቺካጎ በሃልስተድ ጎዳና አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተው መኖር ጀመሩ። ቤቱ ሃል ሃውስ ይባላል። ሠፈሩ ከጣሊያን፣ ከግሪክ፣ ከጀርመን፣ ከቦሔሚያና ከሩስያ በመጡ ስደተኞች የተሞላ ሲሆን፣ ልጆች በፋብሪካ ይሠሩ ወይም በጎዳና ላይ ይውሉ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሥራቸውን የጀመሩት በጎረቤትነት ነው። ቀስ በቀስም ሃል ሃውስ መዋዕለ ሕፃናት፣ የወጣቶች ክበብ፣ የመጫወቻ ሜዳ፣ የሙዚቃና የእጅ ሥራ ትምህርት የሚሰጥበት ማዕከል ሆነ።

ነገር ግን የሃል ሃውስ ነዋሪዎች በበጎ አድራጎት ብቻ አልተወሰኑም። እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተሙት ጥናት የአካባቢውን ቤተ ሰቦች የትውልድ አገርና የሳምንት ገቢ ቤት ለቤት እያጠኑ በቀለም በተለየ ካርታ ላይ አሰፈሩ። በዚህም ምክንያት ድኅነት የሰነፎች ጠባይ ነው ይባል የነበረው ክርክር በማስረጃ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ1899 ቺካጎ በምትገኝበት በኩክ አውራጃ በአሜሪካ የመጀመሪያው የወጣት አጥፊዎች ፍርድ ቤት ሲቋቋም ከሃል ሃውስ ጋር ግንኙነት የነበራቸው ሴቶች ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። ጄን አዳምስም እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመችው የወጣቶችንና የከተማ ጎዳናን ሁኔታ በሚመለከት መጽሐፍ፣ ወጣቱ ደስታንና ጀብዱን መፈለጉ የተፈጥሮ መሆኑን፣ ከተማው ግን ይህን ፍላጎት ለነጋዴ ብቻ ትቶ መልሶ ወጣቱን መክሰሱን ተከራክራለች። እ.ኤ.አ. በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋይ ሆናለች።

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ አዲስ ሠራተኞችን ማሠልጠን አስፈላጊ ሆነ። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1898 ለስድስት ሳምንት በክረምት የተሰጠው ኮርስ የመጀመሪያው በር ነበር። በቺካጎም ግራሃም ቴይለር የጀመረው ሥልጠና ወደ ትምህርት ቤትነት አደገ። በዚህ ጊዜ እስከ ዛሬም ያልበረደ አንድ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን ሠራተኛው በሥራ ላይ ይሠልጥን፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ከሕዝቡ ይርቃል የሚል ነበር። ሶፎኒስባ ብሬክንሪጅና ኤዲት አቦት የሚመሩት ሁለተኛው ወገን ግን ሙያው ከምርምር ተለይቶ ሊቆም አይችልም፣ ሕግን፣ የኢኮኖሚ ሳይንስንና ስታቲስቲክስን የማያውቅ ሠራተኛ የችግሩን ቅጠል እንጂ ሥር አይነካም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ትምህርት ቤቱ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዶ በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚያስተምር ክፍል ሆነ፤ ኤዲት አቦትም እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ዲን ሆና መራችው።

ከዚህ ውሕደት አምስት ዓመት አስቀድሞ አብርሃም ፍሌክስነር የተባለው የትምህርት ምሁር በባልቲሞር በተደረገ ጉባኤ ላይ «የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ሙያ ነውን?» ብሎ ጠይቆ፣ ገና አይደለም የሚል መልስ ሰጥቶ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ሥራው የራሱ የሆነና ሊተላለፍ የሚችል ዘዴ አላዳበረም የሚል ነው። ንግግሩ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ቁጣው ግን ፍሬ አፈራ። ሜሪ ሪችመንድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመችው ትልቅ መጽሐፍ አንድ ሠራተኛ የባለ ጉዳዩን ሁኔታ እንዴት መርምሮ፣ ማስረጃውን እንዴት መዝኖ ከውሳኔ እንደሚደርስ በዝርዝር አሳየች።

ዘዴን ጽፎ ማስተላለፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከወጣቶች ስፖርት ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ ገደማ ጄምስ ኔይስሚዝ በስፕሪንግፊልድ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ማለትም በአገራችን ወወክማ እየተባለ በሚጠራው ድርጅት፣ የሠራተኞች ማሠልጠኛ መምህር ነበር። በክረምቱ ብርድ ምክንያት ከአዳራሽ መውጣት ያልቻሉና እጅግ ያስቸገሩ 18 ተማሪዎች ተሰጡት። አለቃው ሉተር ጉሊክ ለነዚህ የሚሆን አዲስ ጨዋታ እንዲፈጥር አዘዘው። ኔይስሚዝ ሌሎቹ ጨዋታዎች ለምን ወደ ጠብ እንደሚያመሩ መረመረና፣ ኳስ ይዞ መሮጥን ከልክሎ፣ ግቡን ከራስ በላይ ሰቅሎ፣ 13 ደንቦች ጽፎ ለጠፈ። ቅርጫት ኳስ የተወለደው እንዲህ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን በመልካም ጠባዩ ብቻ ቢያረጋጋቸው ኖሮ ውጤቱ ከዚያ አዳራሽ ባልወጣ ነበር። ደንቦቹ ተጽፈው ስለ ታተሙ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዙ አገሮች ተሠራጩ።

ስለ ወጣት ያለው አስተሳሰብ መለወጥ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሚያገኛቸው ትምህርቶች ሁሉ ምናልባት አሳቡን በብርቱ የሚነቀንቀው፣ እኛ ስለ ወጣት «የታወቀ» ነው የምንለው ብዙ ነገር ታሪክ ያለው አስተሳሰብ መሆኑን ማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ስታንሊ ሆል ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ ጥናት የጉርምስናን ዘመን የማዕበልና የውጥረት ዘመን አድርጎ ገለጸው። ይህ አሳብ ወጣቱን ሊታገሡት የሚገባ ችግር አድርጎ የመመልከት ልማድ አጠናከረ። ኤሪክ ኤሪክሰን ግን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት የዚህ ዕድሜ ዋና ሥራ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ ነውጥ መስሎ የሚታየው ነገር የፍለጋ ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ለሙያችን ብርሃን የሰጠው የኤሚ ወርነርና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። በሃዋይ ካዋይ በተባለችው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆች እስከ ጎልማሳነታቸው ድረስ በክትትል ተጠኑ። በድኅነት፣ በቤተ ሰብ መፍረስና በወላጅ ሕመም ምክንያት ለከፍተኛ አደጋ ከተጋለጡት መካከል ከሦስት አንድ ያህሉ ጤናማ፣ ሠራተኛና አሳቢ ሰዎች ሆነው አደጉ። አጥኚዎቹ ከነዚህ ልጆች ሕይወት ካገኟቸው የጋራ ነገሮች አንዱ ከወላጅም ሆነ ከአያት፣ ከመምህርም ሆነ ከጎረቤት ቢያንስ አንድ የሚያስብላቸውና የሚተማመኑበት ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነበር። በየወጣት ማዕከሉ የምትደክሙ ባልደረቦች ይህን በልባችሁ ታውቁት ነበር። ይሁን እንጂ በጀት ለሚመድብ ባለ ሥልጣን «በልቤ አውቀዋለሁ» ማለትና ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የተካሄደ ክትትል ማቅረብ እኩል አይደሉም።

በዘመነ ሚሊኒየሙ መባቻም ሪቻርድ ለርነርና ሌሎች ምሁራን የወጣት ዕድገት በጎደሎው ሳይሆን ባለው መመዘን አለበት በማለት ችሎታን፣ በራስ መተማመንን፣ ከሰው ጋር መተሳሰርን፣ መልካም ጠባይንና ለሌላ ማሰብን እንደ መለኪያ አቀረቡ። ሱስ የሌለበት፣ ወንጀል ያልሠራ ወጣት ማፍራት ብቻውን ግብ ሊሆን አይችልም፤ ከመጥፎ የራቀ ሰው ሁሉ ለኑሮ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለምና። የገዳን እርከን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በኢትዮጵያ፦ የተከፈተው፣ የተዘጋውና እንደገና የተከፈተው በር

በአፍሪካ ምድር የሙያው ትምህርት ቀደም ብሎ ተጀምሯል። በጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1941 የተከፈተው የያን ሆፍሜየር የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት እንደ ጆሹዋ ንኮሞ፣ ኤድዋርዶ ሞንድላኔና ዊኒ ማንዴላ ያሉትን በኋላ በነፃነት ትግል የታወቁ ሰዎች አስተምሯል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ርዳታ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። መጀመሪያ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይሰጥ ነበር፤ ቆይቶም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወደ ዲግሪ ደረጃ ከፍ አለ።

ዘመኑ ለሙያው ምቹ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከወንጀል ኀላፊነት ነፃ ሲያደርግ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ላሉት ደግሞ ከጎልማሶች የተለየ የማረሚያ እርምጃ ደነገገ። ሕጉ ዳኛው ስለ ልጁ አስተዳደግና ጠባይ ማስረጃ እንዲያገኝ ያስችላል፤ ማስረጃውን በሚገባ አጣርቶ የሚያቀርብ የሠለጠነ ሰው ከሌለ ግን ድንጋጌው በወረቀት ላይ ይቀራል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያደርገው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ። ብዙ የከተማ ልጅ የአገሩን ገጠር በቅርብ ያየው በዚህ አጋጣሚ ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ግን በዚያው የአብዮት ዘመን ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት መሆኑ ቀረ፤ ትምህርቱም በሶሲዮሎጂ ሥር ተጠቃለለ። ማኅበራዊ ችግር ሁሉ በሥርዐቱ ለውጥ ይፈታል ተብሎ በሚታመንበት ወቅት አንድን ወጣት፣ አንድን ቤተ ሰብ ለይቶ የሚያይ ሙያ እንደ ትርፍ ነገር መቆጠሩ አያስገርምም። ከዚያም የቀይ ሽብር ዘመን መጣ፤ ብዙ የተማረ ወጣት በየከተማው አለቀ። የተረፈውም ወጣት በማኅበር ተደራጅቶ መመሪያ ተቀባይ እንዲሆን ተደረገ።

በዚህ ቦታ ላይ ልናሰምርበት የሚገባ ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ሥራው አልቆመም። ይልቁንም ጦርነትና ድርቅ ሥራውን አበዙት። በአላጌ የሕፃናት አምባ፣ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በተሰበሰቡባቸው መጠለያዎች፣ በየጠባይ ማረሚያው፣ በየበጎ አድራጎት ድርጅቱ ብዙ ሰዎች ደከሙ። ከነዚህ መካከል የቀድሞው ትምህርት ቤት ምሩቃን፣ የሶሲዮሎጂ ምሩቃን፣ ነርሶች፣ መምህራንና ምንም ዲፕሎማ የሌላቸው ሞግዚቶች ነበሩ። የሠሩት ሥራ ታላቅ ነው። ነገር ግን ለሙያው ተብሎ የቆመ የምርምር ክፍል፣ ልምዱን በመመረቂያ ጽሑፍ መልክ የሚያደራጅ ተማሪ፣ ጽሑፉን የሚያርም መምህር ባለመኖሩ፣ ከዚያ ሁሉ ልምድ የሚበዛው ከባለቤቶቹ ጋር ጡረታ ወጣ፤ ከባለቤቶቹም ጋር ተቀበረ። አንዲት ሞግዚት ሌሊት እየባነነ የሚጮኽን ወላጅ አልባ ልጅ እንዴት እንዳረጋጋች፣ አንድ የማረሚያ ሠራተኛ ወጣቱን ከአባቱ ጋር በምን ዘዴ እንዳስታረቀ የሚነግረን መዝገብ ጥቂት ነው። የሠላሳ ዓመቱ ኪሳራ ይህ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቢጀምርም የእኛ ሙያ በዚህ በር የገባው ዘግይቶ ነው። በ1997 ዓ.ም. መባቻ የሶሻል ወርክ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በስድስት ኪሎ ተከፍቶ በማስተርስ ዲግሪ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀበለ። ለዚህም ዋና ተባባሪ የሆነው በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጄን አዳምስ የሶሻል ወርክ ኮሌጅ ነው። የሃል ሃውስ ሕንፃ ዛሬም በሙዚየምነት የሚገኘው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሃልስተድ ጎዳና ከተጀመረው ሥራ እስከ ስድስት ኪሎ የሚዘልቅ የሙያ ሐረግ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩት ዶክተር አብዬ ጣሴም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 የዓለም አቀፉ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የዶክትሬት ትምህርትም ተጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማስተማሩን ሥራ የሸፈኑት በአብዛኛው ከውጭ አገር እየመጡ የሚመለሱ መምህራን ነበሩ። ይሁንና ትምህርቱ የውጭ ቅጂ ብቻ እንዳይሆን ጥረት ተደርጓል። ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ በገዳም ሰፈር ከነዋሪዎች ጋር በተካሄደው የዩኒቨርሲቲና የማኅበረሰብ ትብብር፣ ሥራው የተነሣው የሠፈሩን ጉድለት ከመቁጠር ሳይሆን ነዋሪው ያለውን ሙያ፣ ዕድርና ጉርብትና ከመመዝገብ ነበር።

በዚያው ወቅት በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ዕድሜው ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆነ ነው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በባንጁል የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ዓመት አደረሰው። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። ሥራ፣ ቤትና ትዳር እየራቀ በሄደ መጠን የወጣትነት ዘመን እየረዘመ መሄዱን ያመለክታል። ከሕዝባችን ከግማሽ የሚበልጠው ዕድሜው ከ30 ዓመት በታች በመሆኑ ይህ ለእኛ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ባለሙያው ምን ያተርፋል?

ከሥራ ወደ ትምህርት የተመለሰ ባልደረባ የሚያሳየውን ለውጥ በሦስት ከፍለን እንመልከት።

የመጀመሪያው የአመለካከት ለውጥ ነው። በአንድ የወጣት ማዕከል ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ በተደጋጋሚ ተደባደበ እንበል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ልጁን ጠርቶ ይመክራል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። የተማረው ሠራተኛ ምክሩን አይተውም። ነገር ግን ጠቡ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚነሣ፣ ልጁ በዚያ ቀን ምሳ በልቶ እንደሆነ፣ ከትምህርት ቤት መቼ እንደ ቀረ፣ በቤት ውስጥ ማን እንደ ታመመ፣ የማዕከሉ ደንብ ራሱ ለጠቡ ምክንያት ሆኖ እንደሆነ ይጠይቃል። ልጁን ከቤተ ሰቡ፣ ከሠፈሩና ከትምህርት ቤቱ ሳይለይ ያየዋል።

ሁለተኛው ሥራን ጽፎ የማስቀመጥ ልማድ ነው። ብዙ ባልደረቦች በትምህርት ላይ ሳሉ ከሁሉ የከበዳቸው የመስክ ልምምድ ማስታወሻ መጻፉ መሆኑን ይናገራሉ። በልጁና በሠራተኛው መካከል የተደረገውን ንግግር፣ ሠራተኛው በዚያ ጊዜ የተሰማውን፣ ያደረገውንና ያደረገበትን ምክንያት ለይቶ መጻፍ አድካሚ ነው። ነገር ግን የተጻፈ ሥራ ሊነበብ፣ የተነበበም ሊታረም ይችላል። ቀደም ሲል ያነሣነው የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነበር።

ሦስተኛው የሥልጣንን ወሰን ማወቅ ነው። ከወጣት ጋር የሚሠራ ሰው ባለማወቅም ቢሆን ብዙ ኃይል በእጁ ይዟል። ምስጢር ይሰማል፤ ሪፖርት ይጽፋል፤ የሱ ቃል ልጁን ከማዕከሉ ሊያስወጣ ወይም በፍርድ ቤት ሊያስቀጣው ይችላል። የሙያ ሥነ ምግባርን በትምህርት የመረመረ ሠራተኛ ምስጢር የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ የልጁ ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ለማን መነገር እንዳለበት፣ ያለ ወጣቱ ፈቃድ ስለ ወጣቱ መወሰን መቼ እንደሚገባና መቼ እንደማይገባ አስቀድሞ ያስብበታል። ይህ ዕውቀት በስሕተት ብቻ እንዳይገኝ ነው ትምህርት የሚያስፈልገው፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ልጁ ነውና።

ሊነሡ የሚገባቸው ተቃውሞዎች

ከዚህ በላይ የተባለው የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንከን የለሽ ነው ለማለት አይደለም። ባልደረቦች የሚያነሡአቸው ሦስት ተቃውሞዎች መልስ ይሻሉ።

«ዲግሪው ለደመወዝ ዕድገት ብቻ ነው» ይባላል። ዲግሪ ለዕድገት መጠቀሚያ መሆኑ አይካድም፤ ሠራተኛም በድካሙ ማደጉ ነውር አይደለም። አደጋው ጥምጥሙ ከትምህርቱ የቀደመ እንደሆነ ነው። መድኀኒቱም ማኅበራችንና ቀጣሪዎች ከወረቀቱ ባሻገር የተሠራውን ሥራ እንዲመዝኑ ማድረግ ነው።

«ትምህርቱ የባዕድ ነው» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። የወጣት ዕድገት መጻሕፍት አብዛኞቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት የተመሠረቱ ናቸው። ሆኖም የባዕዱን ጥናት የሚተካው የአገር ጥናት ነው፤ የአገር ጥናት ደግሞ አጥኚ ይፈልጋል። ዕድር ለወላጅ አልባ ወጣት ምን ያደርጋል? ከዐረብ አገር በችግር የተመለሰች ወጣት ሴት በሠፈሯ እንዴት ትቀበላለች? እነዚህን ጥያቄዎች ከእኛ በቀር ማን ያጠናልናል?

«የተማረው ከመስክ ወጥቶ ቢሮ ይገባል» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ በቺካጎም ከመቶ ዓመት በፊት የተነሣ ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ይህ የትምህርቱ ሳይሆን የአሠራሩ ጉድለት ነው። ከወጣቱ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራው ሰው ዝቅተኛ ደመወዝና ዝቅተኛ ማዕረግ እስከ ተሰጠው ድረስ የተማረው ሁሉ ከዚያ ቦታ መሸሹ አይቀርም። በዚህ ረገድ የሙያ ማኅበር ድምፅ ሊሰማ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ተግባሮች ይወጣሉ። በትምህርት ላይ ያላችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ከሠራችሁበት ቦታ ውሰዱ፤ ከተመረቃችሁም በኋላ ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ብቻ እንዳይቀር ባጭሩና በአማርኛ ወይም በየአካባቢው ቋንቋ አዘጋጅታችሁ ለመሥሪያ ቤታችሁ ስጡ። ገና የምታመነቱ ደግሞ ልምዳችሁ ለትምህርቱ ዕንቅፋት ሳይሆን ስንቅ መሆኑን ዕወቁ፤ ሥራውን ያላየ ተማሪ የሚያነበውን ምዕራፍ እናንተ በሰው ስምና መልክ ታነቡታላችሁ።

ሦስተኛው ተግባር አስቸኳይ ነው። በትምህርት ቤቱ መዘጋት ዘመን በሕፃናት አምባ፣ በመጠለያና በማረሚያ ያገለገሉ አረጋውያን ባልደረቦች ዛሬም በሕይወት አሉ። ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። እነዚህን ሰዎች መጠየቅ፣ ቃላቸውን በድምፅና በጽሑፍ መያዝ፣ የያዙትንም ማስታወሻና ፎቶግራፍ ማሰባሰብ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በቂ የጥናት ሥራ፣ ለሙያው ደግሞ የጠፋ ምዕራፍ ነው። ይህን ሥራ የሚጀምር አባል ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ካሉት ጡረተኞች አንዱን በዚህ ዓመት ይጠይቅ።